«ነጻ» እና «በነጻ»

በዶርማችን ስድስት ልጆች እንኖራለን። አምስቱ በስማቸው ሲጠሩ እኔ ብቻ «ባሕታዊው» እባላለሁ። ስሙ የወጣልኝ በጾሜ ወይም በጸሎቴ አይደለም፤ ለዚያስ ከእኔ በእጅጉ የሚሻል አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ አለን። ስሙ የወጣልኝ በስልኬ ነው። እነሱ የሚሳሳቁበት አፕ በእኔ ስልክ ላይ የለም። እነሱ ሌሊቱን ሲነታረኩ የሚያድሩበት ግሩፕ ውስጥ እኔ የለሁም። አንድ ነገር «ላኩልኝ» ስል እርስ በርሳቸው ይተያዩና «ላንተ ደሞ በምን ይላካል? በእርግብ?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባሕታዊ ሲስቁበት መሳቅ አለበት፤ አለዚያ ትዕቢተኛ ይባላል።

ይህን ወግ የምጽፈው ስለ ስሜ ላማርር አይደለም። እንዴት ባሕታዊ እንደሆንኩ፣ ኋላም በምን ምክንያት ከበረሃዬ እንደወጣሁ ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመብራት ነው። አንድ ማታ ግቢው ድቅድቅ ብሎ ጨለመ። በማግስቱ ፈተና ነበረን። የስልኬ መብራት ፈዛዛ ስለነበረች፣ ከጎኔ የሚተኛው ጓደኛዬ «ደማቅ አለልህ፣ በነጻ ነው» አለኝና አንድ የእጅ ባትሪ አፕ አወረድኩ። አፑ ገና ሳይበራ ጥያቄ ጀመረ። የስልክ ቁጥር መዝገቤን እንዲያይ እፈቅድለት እንደሆነ፣ ያለሁበትን ቦታ እንዲያውቅ እፈቅድለት እንደሆነ፣ ማይክሮፎኔን እንዲጠቀምበት እፈቅድለት እንደሆነ፤ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። በጨለማው ውስጥ ቆሜ አሰብኩ። ሻማ ልገዛ ሱቅ ብሄድና ባለሱቁ «ሻማውስ በነጻ ውሰድ፤ ግን መጀመሪያ የዘመዶችህን ስም ዝርዝር ስጠኝ፣ የምታድርበትን ንገረኝ፣ ማታ ስታወራም በር ላይ ቆሜ ልስማ» ቢለኝ ምን እለው ነበር? እውነቱን ለመናገር ግን ያን ማታ ሦስቱንም ጊዜ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩ። ጨለማ ነበራ!

ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ባነብ ባነብ እኔ የመጀመሪያው ሞኝ እንዳልሆንኩ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ በብዙ ሚሊዮን ስልኮች ላይ የተጫነ አንድ የእጅ ባትሪ አፕ የሰዎችን መገኛ ቦታና የስልካቸውን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያስተላልፍ እንደነበር ገልጾ ባለቤቱን ከሶ ነበር። ለካስ ባትሪው ሸቀጡ አልነበረም። ሸቀጡ በባትሪው የሚሄደው ሰውዬ ነበር።

በዚያው ንባብ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ሰው አገኘሁ። በአሜሪካ በኤም አይ ቲ የሰው ሠራሽ አእምሮ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረ ፕሮግራመር ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ ማተሚያ ማሽን ነው። ላቦራቶሪው የነበረው የድሮ ማተሚያ ወረቀት እየነከሰ ሲያስቸግር ስቶልማን ፕሮግራሙን ከፍቶ አሻሽሎት ነበር፤ ወረቀት ሲጣበቅ ማሽኑ ለሚጠባበቁት ሰዎች መልእክት እንዲልክ አደረገ። በ1980 ገደማ ከዜሮክስ አዲስ ማተሚያ መጣ። እሱም ወረቀት ይነክሳል። ነገር ግን የዚህኛው ፕሮግራም ተቆልፎ መጣ። ስቶልማን በሌላ ዩኒቨርሲቲ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ያለውን ሰው አግኝቶ ቢጠይቀው «ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» አለው። ሰውየው በዚህ ተቆጣ። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን ሥራ አወጀ፤ ማንም ሰው ለፈለገው ጉዳይ ሊያስኬደው፣ ውስጡን አጥንቶ ሊለውጠው፣ ቅጂውን ለጎረቤቱ ሊያካፍለው፣ ያሻሻለውንም መልሶ ሊያድለው የሚችል ሶፍትዌር ለመሥራት። እነዚህ አራቱ ነጻነቶች ይባላሉ።

ለእኔ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይህ ባዕድ ነገር አልመሰለኝም። ይህችን መጽሔታችንን የምታባዛውን አሮጌ ማሽን ተመልከቱ። ቀለም ስትተፋ ከፍተን እንጠርጋታለን፤ ስቴንስሉ ሲቀደድ እንለጥፋለን፤ የማሽኗ ባለቤት ማን ማን እንደሚያነበን አይጠይቅም። እኛ የለመድነውን ነው ሰውየው በኮምፒዩተር ላይ የጠየቀው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የቃሉ ነገር ነው። ፈረንጆቹ «ነጻ» ሲሉ «ያለ ክፍያ» የሚል ስለሚመስልባቸው ሲከራከሩ ይኖራሉ። የእኛ አማርኛም ያው ነው፤ ነገር ግን በአንዲት ፊደል ያመልጣል። «ነጻ» ሌላ፣ «በነጻ» ሌላ። በነጻ የበላሁት ምሳ ነጻ ሰው አያደርገኝም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ባለ ዕዳ ያደርገኛል። ያ የእጅ ባትሪ በነጻ ነበር፤ ነጻ ግን አልነበረም። ቃሉ ሦስተኛም ፍች አለው። ዳኛ «ነጻ ነው» ብሎ ሲያሰናብት «ንጹሕ ነው፣ ነውር የለበትም» ማለቱ ነው። ይህን ሦስተኛ ፍች ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣብኛል።

ስለዚህ መነኮስኩ። ባትሪውን አባረርኩ። ከዚያ ሥዕል የሚያሳምረውን፣ ከዚያ ዜና የሚያመጣውን፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጓደኞቼ ምን እንደበሉ የሚነግረኝን አባረርኩ። አንዳንዶቹ ግን አይባረሩም። ስልኩ ሲገዛ አብረው መጥተዋል። ቤት ተከራይታችሁ ስትገቡ ሳሎኑ ውስጥ የማታውቁት ሰው ተቀምጦ «እኔ ከቤቱ ጋር ነኝ» እንደሚላችሁ ማለት ነው። ውስጡን በሙሉ አውጥቶ ነጻ በሆነ ሥርዓት መተካት ይቻላል ቢሉኝ ላይንኤጅ ኦኤስ የሚባለውን ፈለግኩ። የሚሠራባቸው ስልኮች ዝርዝር ረጅም ነው፤ የእኔ ስልክ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስለሆነም እንግዶቹን ማስወጣት ቢያቅተኝ አፋቸውን ዘግቼ ጥግ አስቀመጥኳቸው። ኤፍ-ድሮይድ የሚባለውን የነጻ ሶፍትዌር ጎተራ አስገባሁና ኪቦርዱንም፣ ማስታወሻውንም፣ ካርታውንም ከዚያ ወሰድኩ። ያለ ስም፣ ያለ አካውንት ይወሰዳል። ማንም «ማን ነህ?» ያላለኝ የመጀመሪያው በር እሱ ነው።

ቀጥሎ ላፕቶፑ መጣ። እዚህ ላይ እህቴን ላስተዋውቃችሁ። ታላቄ ናት፤ እታለም እላታለሁ። ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። ስልኩንም የገዛችልኝ፣ ለአሮጌው ላፕቶፕም ብር የላከችው እሷ ናት። በላፕቶፑ ላይ ዴቢያን የሚባለውን ነጻ ሥርዓት ልጫን ብዬ ከአንድ ሲኒየር በፍላሽ ተቀበልኩ። ጫንኩት፤ ማለፊያ ሆኖ ተነሣ። ዋይፋይ ግን የለም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ላፕቶፔ እንደ ቆሎ ተማሪ የራሱን ብቻ ሲደግም ኖረ።

ምክንያቱን ኋላ ደረስኩበት። የዋይፋይ ካርዱ የሚነሣው ፋብሪካው ዘግቶ በሚሰጠው ትንሽ ፕሮግራም ነው። የዴቢያን ሰዎች ደግሞ ከመርሆአቸው የተነሣ የተዘጋ ነገር በመጫኛው ውስጥ አያስገቡም ነበር። የሲኒየሬ ፍላሽ 11ኛውን ዕትም የያዘ ነበር። ነገሩ ብዙ ሰው ስላንገላታ እ.ኤ.አ. በ2022 በድምፅ ብልጫ ወሰኑና፣ በሰኔ 2023 በወጣው በ12ኛው ዕትም የተዘጋውንም ትንሽ ፕሮግራም አብረው ማቅረብ ጀመሩ። ይህን ያነበብኩ ቀን አዘንኩባቸው። «ተሸነፉ!» ብዬ በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። በጣም ጀማሪ መነኩሴ ነበርኩ፤ ጀማሪ ደግሞ ከአበምኔቱ ይልቅ ይጠብቃል።

ደስታም ነበረኝ፤ መደበቅ የለብኝም። በዚያ ላፕቶፕ አማርኛ ስጽፍ ፊደሉ የማንም ኩባንያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. እስከ 1999 ድረስ፣ ማለት የእኛ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቁጥር እስካገኘበት ጊዜ፣ አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ሁሉ «ሀ»ን በየራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ዝባዝንኬ ይሆናል። አንድ ቀን አንድ ሰው በድሮ ፕሮግራም የተተየበ የግጥም ስብስብ በዲስክ ሰጥቶኝ ብከፍተው ከጫፍ እስከ ጫፍ የጥያቄ ምልክትና የተሰባበረ መስመር ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በስቴንስል ያባዙትን ግን ዛሬም ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ጥርት ብሎ ይነበባል። ግጥሙን ያልነበበው ጊዜ አይደለም፤ ቁልፉ ነው። ያን ቀን የተቆለፈ ነገር ላይ ያለኝ ጥላቻ በእጥፍ ጨመረ።

በግቢ ውስጥ ግን ባሕታዊነት ቀላል አይደለም። ሃንዳውት የሚለጠፈው፣ የክላስ ሰዓት የሚቀየረው፣ ፈተና የሚገፋው ሁሉ እኔ ባባረርኩት አፕ ግሩፕ ላይ ነው። አንድ ጊዜ የፈተና ክፍል ተቀይሮ እኔ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን እርሳስ ቀርጬ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የሚተኛው ጓደኛዬ እየሮጠ መጥቶ በእጄ ይዞ ወሰደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ግሩፑን አንብቦ የሚመለከተኝን ይነግረኛል። የባንኩም አፕ «ይህ ስልክ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ አልከፍት ሲለኝ፣ በኮከብና በመሰላል ቁጥር መትቼ ብሬን ማንቀሳቀስ ተማርኩ። በእርግጥ ያ ደግሞ በማንኛውም የሦስት ሳንቲም ስልክ ይሠራል። «አያችሁ! ያለ እነሱም ይኖራል» እያልኩ እሰብክ ነበር። ያላየሁት ነገር አንድ ነው፤ የእኔ ንጽሕና በጓደኛዬ ዳታ ይከፈል ነበር። እኔ ግሩፑን አላነብም ማለት ሌላ ሰው ያነብልኛል ማለት ነው። በሐቅ ከተነጋገርን ባሕታዊም ቢሆን ቆሎ የሚያደርስለት ሰው አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እታለም ከእኔ ጋር የምትገናኘው በአንድ አፕ ብቻ ነበር። በሊባኖስ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ በከፋላ ሥርዓት ነው የምትኖረው። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ የአገሩ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን አይጨምርም። በመደበኛ ስልክ ከዚያ መደወል ውድ ነው። ስለዚህ በማዳሟ ቤት ዋይፋይ፣ እሑድ እሑድ፣ ድምፅ እየቀዳች ትልክልኛለች። እኔም ለእማዬ ወደ ደሴ ደውዬ አደርሳለሁ። እማዬ ያላት ስልክ በቁልፍ የሚሠራው ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ያንን አፕ ከስልኬ አጠፋሁ። የመጨረሻው እንግዳ እሱ ነበርና። ከማጥፋቴ በፊት ለእታለም ረጅም ጽሑፍ ላክሁላት። ስለ አራቱ ነጻነቶች፣ ስለ ማስታወቂያ ኩባንያዎች፣ ስለ ሰው ሸቀጥ መሆን ጽፌ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በሲግናል ፈልጊኝ፤ እሱ ውስጡ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የሚመራ ነው» አልኳት። እሷ በሁለት ቃል መለሰችልኝ። «ማውረድ አልችልም።»

አልችልም! ያን ጊዜ ይህን ቃል «አልፈልግም» ብዬ ተረጎምኩት። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ እኮ፤ የቃል ትርጉም መማር ሥራዬ ነው። ሰው ሁሉ ምቾቱን ለነጻነቱ አይሠዋም ብዬ አዘንኩላትና አፑን አጠፋሁት። ትንሽ ብትቸገር ታወርደዋለች ብዬ ነበር። ነጻ ሆንኩ። በሦስተኛው ፍች ነጻ ሆንኩ፤ ነውር የሌለብኝ ንጹሕ።

መስከረም 2017 ዓ.ም. ገባ። በፈረንጅ 2024 ማለት ነው። በመስከረም አጋማሽ የእስራኤል አውሮፕላኖች ሊባኖስን በብርቱ መደብደብ ጀመሩ፤ የቤይሩት ደቡባዊ ሰፈሮችም ተመቱ። እኛ ግቢ ገና የዓመቱን ትምህርት ልንጀምር ነበር። እኔ ዜና የሚያመጡትን አፖች ስላባረርኩ አልሰማሁም። የሰማሁት ከእማዬ ነው። ማታ ደወለችልኝ፤

«አንተ ልጄ፣ እህትህን አግኝተሃታል ወይ?»

«ምነው እማዬ?»

«ሰው ሁሉ ቤይሩት ነደደ ይላል። ያንተ ስልክ ዘመናይ ነው፤ አንተ ታገኛታለህ ብዬ ነው እስከዛሬ ዝም ያልኩት። አገኘሃት?»

ምን ልበላት? «ስለ አራቱ ነጻነቶች ስል ቁልፉን ጥያለሁ» ልበላት? «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» አልኳትና ዘጋሁ። መደበኛውን ቁጥር ብሞክር አይነሣም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ያባረርኩትን አፕ ማውረድ ጀመርኩ። የግቢው ኔትዎርክ እንደምታውቁት ነው፤ ያን ማታ ደግሞ ባሰበት። ጓደኛዬ ስልኩን ከጎኔ አስቀምጦ ዳታውን ከፈተልኝ። አንድም ቀልድ አልቀለደም። ባሕታዊም አላለኝም።

አፑ ተከፈተ። አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ተሰልፎ ይጠብቀኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የደህና ጊዜ ነበሩ። «እንቁጣጣሽ እንዴት ነበር? ለእማዬ ዶሮ ተገዛ ወይ?» የሚሉ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። ማዳም ልጆቿን ይዛ ወደ ተራራው እንደሄደች፣ እሷን ግን ቤት ጠብቂ ብላ እንደተወቻት ነገረችኝ። ቀጥሎ ሰፈሩን ልቀቁ መባሉን። ቀጥሎ ከሌሎች የሐበሻ ልጆች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጠለላቸውን። ከኋላ የሕፃን ልቅሶና የብዙ ሴት ድምፅ ይሰማል። የመጨረሻው አጭር ነበር።

«ወንድምዬ፣ ስልክህ ጠፋ መሰለኝ። ወይ ብልሽት ይሆናል። አብሽር፣ እኔ ደህና ነኝ። ለእማዬ ደህና ናት በልልኝ፤ እሷ እንዳትጨነቅ። ስልክህን ካላሠሩልህ ወር ሲደርስ ብር እልካለሁ።»

ለአንባቢ የማወራው ወግ ነውና እንዴት እንደሆንኩ አልተርክም። ለእማዬ ደወልኩ፤ «ደህና ናት፤ ለአንቺ ደህና ናት በልልኝ ብላለች» አልኳት። «ተመስገን፤ መቼ አለችህ?» አለችኝ። ከአራት ቀን በፊት መሆኑን አልነገርኳትም።

በማግስቱ እታለም መለሰች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ አፑን ሆን ብዬ እንዳጠፋሁትም ነገርኳት። እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ሳቀች።

«አንተ ስለ ስልክህ ቁልፍ ትጨነቃለህ፤ የእኔ ፓስፖርት ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው» አለችኝ።

ከዚያ «ማውረድ አልችልም» ያለችኝን ቃል ፍች ነገረችኝ። ስልኳን ሲገዙላት የከፈተላት የማዳም ልጅ ነው። የከፈተው በራሱ አካውንት ነው። አዲስ አፕ ለማውረድ የእሱ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ ያ አካውንት የእሱ ስለሆነ የምታነሣው ፎቶ፣ የምትይዘው ስም፣ የምትሄድበት ቦታ ሁሉ በልጁ ስልክ ላይ ይታያል። አንድ እሑድ ወደ ጓደኛዋ ቤት መሄዷን ማዳም ያወቀችው እንዲያ ነው። እታለም ይህን በሌላ ዓለም ያለ ነገር እንደሆነ አድርጋ ሳይሆን፣ ልክ ስለ ቤት ጽዳት እንደምታወራ አድርጋ ነው የነገረችኝ።

እኔ ስለ ነጻ ሶፍትዌር በዶርም፣ በላውንጅ፣ በላይብረሪ ደረጃ ላይ ስሰብክ ከርሜያለሁ። በሕይወቴ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ጉዳዩ በእውነት የሚያስፈልጋት አንዲት ሴት ነበረች፤ ለእሷ ግን ስብከት ልኬላት በሩን በላይዋ ዘጋሁ።

«ያ ነጻ የምትለው» አለችኝ ቆይታ፣ «ያለ ልጁ ቃል ይወርዳል ወይ?»

«ይወርዳል» አልኳት።

«እንዲያ ብለህ ብትጽፍልኝ ኖሮ ምን ነበር? አንተ ስለ አሜሪካ ነው የጻፍክልኝ።»

በኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ተኩሱ በስምምነት ጋብ ካለ በኋላ፣ እታለም ሌላ ቤት ሥራ አገኘች። ሦስት እሑድ ፈጀብን። በመጀመሪያው እሑድ የልጁን አካውንት ከስልኳ ላይ አወጣን። በሁለተኛው የማዳም ሕፃናት የጫኑባትን ጨዋታዎች አጥፍተን ቦታ አስለቀቅን፤ አንዱ ከረሜላ የሚፈነዳበት ጨዋታ ግን የእሷው ስለሆነ እንዲቀር አዘዘችኝ፤ ቀረ። በሦስተኛው ሲግናልን ያለ ምንም አካውንት በቀጥታ ከባለቤቶቹ ገጽ አወረደች፤ መልእክት በተቀጠረለት ጊዜ ራሱ እንዲጠፋ፣ አፑም በራሷ ቁጥር እንዲቆለፍ አደረገች። ይህ ሁሉ በሌላውም አፕ ሊገኝ ይችላል። የዚህኛው ልዩነት ግን ውስጡ የተገለጠ መሆኑ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከፍቶ ሊመረምረው ይችላል፤ «እመኑኝ» ብቻ ብሎ አያልፍም። ይህን ስነግራት «ከማዳም ይሻላል» አለች።

አስቂኙን ልንገራችሁ። ይህን ሁሉ ያስተማርኳት በዚያው ባባረርኩት አፕ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረንማ።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻዬን ገልጬ ስለ ዴቢያን ሰዎች «ተሸነፉ!» ብዬ የጻፍኩትን አነበብኩ። ሰረዝኩት። አልተሸነፉም ኖሯል። ዋይፋይ የሌለው ሰው ወደ ነጻው ነገር የሚደርስበት በር ስለሌለው፣ የተዘጋችውን ትንሽ ነገር በር ላይ አኖሩለት። እኔ ግን ነጻነትን ከንጽሕና ጋር አምታትቼ፣ እጄን ስታጠብ ከርሜ ለሰው ልዘረጋው ረሳሁ።

አቋሜን ለውጬ ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ላፕቶፔ አሁንም ዴቢያን ነው፤ ይህም ጽሑፍ በእሱ ተተይቦ ነው ወደ ስቴንስል የሚሄደው። የእጅ ባትሪ አላወርድም፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ እገዛለሁ፤ ባለሱቁም ሳንቲሜን እንጂ የዘመድ ዝርዝር ጠይቆኝ አያውቅም። ያ አፕ ግን በስልኬ ላይ አለ። የስም መዝገቤን ከልክዬዋለሁ፤ መገኛዬንም ከልክዬዋለሁ፤ ማይክሮፎኑን ግን ፈቅጄለታለሁ፤ ያለሱ እንዴት እናወራለን? ከዚህ በፊት ስለ ፈቃድ ሲጠየቅ ዓይኑን ጨፍኖ «እሺ» የሚል ነበርኩ፤ ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ «እምቢ» የሚል ሆንኩ። አሁን ቢያንስ ጥያቄውን አነባለሁ።

የዶርም ልጆች «ባሕታዊው ከበረሃ ወጣ» ብለው የካፌ ሻይ ጋበዙኝ። ከጎኔ የሚተኛው ጓደኛዬም ግሩፑን ከማንበብ ተገላገለ። በዚያው ሰሞን «ያቺ እህትህ የጫነችው ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ስቶልማንና ስለ ማተሚያው ልጀምርለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «ምን ቸገረህ?» አልኩት። እጮኛው አዳማ ናት፤ የእሷ ወንድም ስልኳን ይከፍታል። ጫንንላቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ይህን ስጽፍ እሑድ ነው። ከእታለም መልእክት መጥቷል፤ ነገ ጠዋት ይጠፋል። የሚጠፋ ቢሆን የሚያሳዝን ቁም ነገር የለውም። ዛሬ ሽሮ አግኝታ ሠራች፤ በርበሬው ግን የእማዬን አይሆንም። ሰማሁት፤ ለእማዬም ደውዬ ነገርኳት።